ማርቲኒ ሲባል የትኛው ማርቲኒ?

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ለአንድ ሳምንት በሚቆይ የሕግ ባለሙያዎች ዐውደ ጥናት ላይ እንድካፈል ተጋብዤ ዋሽንግተን ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አዘጋጆቹ እራት ጋበዙን። አስተናጋጁ በየተራ እየዞረ ምን እንደምንጠጣ ጠየቀ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ቢራ አሉ። ቀጥለው የተቀመጡት ወይዘሮ ወይን አሉ። በማግስቱ ጠዋት ጽሑፍ የማቀርበው እኔ ስለነበርኩ ጠንከር ያለ ነገር መንካት አልፈለግኩም። ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ ልማዴ «ማርቲኒ» አልኩ።

በእኛ ከተማ ማርቲኒ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከፒያሳ ቡና ቤቶች ጋር ትውውቅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ከካምፓሪውና ከፈርኔቱ ጎን በመደርደሪያ ላይ የሚቆም፣ ከጣሊያን የመጣ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ነጩ «ቢያንኮ» ቀዩ «ሮሶ» የሚባል፣ በበረዶና በሎሚ የሚቀርብ መጠጥ ነው። እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን «የሴቶች መጠጥ» እየተባለ ይታማ ነበር (አባባሉ ዛሬ አያስኬድም፤ ያኔም አያስኬድም ነበር)። ለስላሳ ነው ለማለት ነው።

አስተናጋጁ ግን ትእዛዜን ይዞ በመሄድ ፈንታ «ጂን ነው ቮድካ?» አለኝ። «ሁለቱንም አልፈልግም፤ ማርቲኒ ነው ያልኩት» አልኩት። «አዎ ጌታዬ፤ ማርቲኒው በጂን ይሁን ወይስ በቮድካ?» አለ በትዕግሥት። ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ስለነበር ለመገላገል ያህል «ጂን» አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ደረቅ ይሁንልህ ወይ አለኝ። ፈሳሽ ነገር እንዴት ደረቅ እንደሚሆን ባይገባኝም ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

የመጣልኝ አፉ ሰፊ፣ ታቹ እንደ ቁንጮ የሾለ፣ እግሩ ረዥም ብርጭቆ ነበር። ውስጡ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽና በስንጥር የተሰካ የወይራ ፍሬ አለ። ቀመስኩት። አረቄ ነው! ያውም ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ አረቄ። መመለሱ ነውር መሰለኝና ጠጣሁት። ጋባዡ ሁለተኛ ዙር ሲያዙ «ለሁሉም የያዘውን» አሉ፤ እሱንም ጠጣሁ። ሦስተኛውን እምቢ አልኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። በማግስቱ ጽሑፌን ሳነብ ከገጽ አራት ወደ ገጽ ሰባት ዘልዬ መሄዴን ያወቅኩት ሰብሳቢዋ በትህትና ዝቅ ብለው በጆሮዬ ሲነግሩኝ ነው።

እዚያው ዋሽንግተን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ለረዥም ዓመታት በሆቴል ባርማንነት የሠራ ሰው ነው። በዚያው ቀን ማታ ዞረ ድምሬን ይዤ ቤቱ ሄድኩና «ጋሼ፣ ማርቲኒ አዝዤ አረቄ ሰጡኝ» ብዬ አቤቱታዬን አቀረብኩ። ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ሕግ ተማርኩ ትላለህ፣ ያላነበብከውን ውል ትፈርማለህ? አንተ የምታውቀው ማርቲኒ እዚህ አገር ቨርሙት ነው የሚባለው። ማርቲኒ የሚባለው ሌላ ነው» አለኝ። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው እሱ ያን ማታና ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ፣ እኔም ከመጻሕፍት ጋር ያመሳከርኩት ነው። ከእንግዲህ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ታሪኮች ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕግ የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መርከቧ ትዝ ትለዋለች። በ1864 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የታየ ራፍልስና ዊክልሃውስ የተባሉ ነጋዴዎች ክርክር አለ። ዊክልሃውስ ከቦምቤይ በምትመጣው «ፒርለስ» በተባለች መርከብ የሚጫን 125 እስር ጥጥ ለመግዛት ይዋዋላል። ችግሩ «ፒርለስ» የሚባሉ ሁለት መርከቦች መኖራቸው ነው፤ አንዷ በጥቅምት፣ ሌላዋ በታኅሣሥ ከቦምቤይ ይነሳሉ። ገዢው የጥቅምቷን አስቧል፤ ጥጡ ግን የመጣው በታኅሣሷ ነው። ፍርድ ቤቱ ለገዢው ፈረደለት። በእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1697 እና 1698 መሠረት የውሉን ጉዳይ የሚመለከት መሠረታዊና ወሳኝ ስህተት ውልን ሊያፈርስ ይችላል። እኔም «ማርቲኒ» ስል ያሰብኩትና አስተናጋጁ «ማርቲኒ» ሲል ያሰበው ሁለት የተለያዩ መርከቦች ነበሩ። ልዩነቱ፣ እኔ ጥጡን ጠጥቼዋለሁ።

እንግዲህ ከጠርሙሱ እንጀምር። ቨርሙት በመሠረቱ የወይን ጠጅ ነው። ወይኑ ላይ ጥቂት ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል፣ ልዩ ልዩ ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ይዘፈዘፍበታል። የግድ መግባት ያለበት አርቴሚዥያ የሚባለው መራራ የዕፅ ወገን ነው። የመጠጡ ስም ራሱ የመጣው ይኸው ዕፅ በጀርመንኛ ከሚጠራበት ቃል ነው። አንባቢ ሩቅ እንዳይመስለው፤ በየገበያችን ከጤና አዳም ጋር ታስሮ የሚሸጠው አሪቲ የዚሁ ወገን ነው። ለወይን ጠጅ አርቴሚዥያው፣ ለማር ጠጅ ጌሾው እንደማለት ነው፤ ጣፋጩን በመራራ መግራት የማንም ብቸኛ ፈጠራ አይደለም።

ቨርሙትን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ለገበያ ያቀረበው በ1786 በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ ነው። በ1813 ደግሞ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኖዪ ስኳሩ ያነሰውን፣ ጠጪዎች «ደረቅ» የሚሉትን ዓይነት አበጀ። ደረቅ ማለት ያልጣፈጠ ማለት እንደሆነ ያወቅኩትም ያን ማታ ነው። ከቱሪን አጠገብ በፔሲዮኔ፣ አሌሳንድሮ ማርቲኒ የተባለ ነጋዴ፣ ሉዊጂ ሮሲ የተባለ ዕፅ ቀማሚና ቴዎፊሎ ሶላ የተባለ ሸሪካቸው በ1863 ድርጅታቸውን በስማቸው ሰየሙ። በ1879 የሶላ ስም ወጥቶ «ማርቲኒ ኤ ሮሲ» ሆነ። ፒያሳ ላይ የምናውቀው ማርቲኒ የዚህ ሰውዬ ስም ነው። የንግድ ምልክት እንጂ የመጠጥ ዓይነት ስም አይደለም። ዱቄት ሳሙናን ሁሉ «ኦሞ» እንደምንለው ያለ ነው።

ኮክቴሉስ? የኮክቴሉ ዋና ነገር ጂን ነው። ጂን በጥድ ፍሬ የተቃኘ አረቄ ነው ብንል አንሳሳትም። ጥዱ የእኛው የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ራሱ ግን አይደለም። ከሆላንድ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደንን ያሰከረ መጠጥ ስለነበር፣ ፓርላማው በ1736ም በ1751ም የጂን አዋጅ ለማውጣት ተገዷል። የመጀመሪያው አዋጅ ግብሩን ሰማይ አድርሶት ነበር፤ ውጤቱ የድብቅ ንግድና አመፅ ሆነ። የሁለተኛው ለዘብ ብሎ በፈቃድ አሰጣጡ ላይ በማተኮሩ የተሻለ ሠራ። ግብር አውጪዎቻችን ቢያነቡት የማይጠሉት ታሪክ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ንጹሕና ደረቅ ጂን ያስቻለው ማከፋፈያ ማሽን በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተስፋፋው በኤኒያስ ኮፊ እጅ ነው፤ ሰውዬው አየርላንዳዊ የቀድሞ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ጂኑና ቨርሙቱ መቼና የት ተጋቡ? «የልጁ አባት እኔ ነኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እንደ ዳኛ ማስረጃቸውን ብንመዝን እንዲህ ይሆናል።

አንደኛዋ ባለጉዳይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የምትገኝ ማርቲኔዝ የምትባል ከተማ ናት። ከወርቅ ቁፋሮ የሚመለስ አንድ ሰው በከተማዋ ቡና ቤት ለየት ያለ ነገር ጠይቆ ባርማኑ ፈጠረለት ትላለች፤ ለዚህም ሰሌዳ ተክላለች። ሰሌዳ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የተተከለው በባለጉዳዩ በራሱ ነው። ሁለተኛው በኒውዮርክ ኒከርቦከር ሆቴል ይሠራ የነበረ ማርቲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ባርማን ነው፤ በ1911 ወይም በ1912 ገደማ ፈጠረው ይባልለታል። ይህን ክስ መዝገቡ ራሱ ይዘጋዋል። ማርቲኒ የሚል ስም ያለው የአሠራር ዘዴ በሃሪ ጆንሰን የባርማኖች መጽሐፍ ላይ በ1888 ታትሟልና፤ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የታተመን ነገር ሊፈጥር አይችልም። ሦስተኛው ወገን እንግሊዞች ናቸው፤ ስሙ ከማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ የመጣ ነው፣ ሁለቱም ይረግጣሉና ይላሉ። አያቶቻችን ሰናድር ይሉት የነበረውን ጠመንጃ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በ1871 የተካው ይኸው ማርቲኒ ሄንሪ ነው። ወሬው ያምራል፤ የሚደግፈው ሰነድ ግን አላየሁም።

በሰነድ የተደገፈው እንዲህ ነው። በ1884 በባይረን መጽሐፍ፣ በ1887 ደግሞ በጄሪ ቶማስ መጽሐፍ ላይ «ማርቲኔዝ» የሚባል ኮክቴል ታትሟል። በቶማስ አሠራር ጂኑ አንድ እጅ ሲሆን ቨርሙቱ ሁለት እጅ ነው። ጂኑም ጣፈጥ ያለ ዓይነት ነው፤ ከቼሪ የሚሠራ ሊከርና መራራ ቅመም ጠብ ይደረግበታል። በጆንሰን ማርቲኒ ላይ ሁለቱ እኩል ሆኑ። በዚያ ዘመን የጣሊያኖቹ ማርቲኒ ቨርሙት ወደ አሜሪካ በገፍ ይላክ ስለነበር፣ ማርቲኔዝ ወደ ማርቲኒ የተለወጠው በጠርሙሱ ጽሑፍ ግፊት ነው የሚሉትን እኔ በበኩሌ አምናቸዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ኮክቴሉ ስሙን የወረሰው ከቨርሙቱ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የማርቲኒ ታሪክ ስም ያወረሰው አባት ከገዛ ቤቱ ቀስ በቀስ የተባረረበት ታሪክ ነው። ያ ነገር ነው እኔን ዋሽንግተን ላይ የጣለኝ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ጣፋጩ ቀይ ቨርሙት በደረቁ የፈረንሳይ ቨርሙት ተተካ። በ1930 በለንደኑ የሳቮይ ሆቴል ባርማን የተዘጋጀው ዝነኛ መጽሐፍ ለደረቅ ማርቲኒ ሁለት እጅ ጂንና አንድ እጅ ቨርሙት ያዛል። ዛሬ የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር የሚያዘው 60 ሚሊ ሊትር ጂንና 10 ሚሊ ሊትር ቨርሙት ነው፤ ስድስት ለአንድ። ሄሚንግዌይ በ1950 ባሳተመው ልቦለዱ ውስጥ ደግሞ አሥራ አምስት ለአንድ ደርሷል። ስሙንም በእንግሊዛዊው የጦር አዛዥ በሞንትጎመሪ ሰየመው፤ ጄኔራሉ የሚዋጋው ያን ያህል የጦር ብልጫ ሲኖረው ነው ለማለት የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሉዊስ ቡኑኤል በግለ ታሪኩ ላይ ያሰፈረው ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የፀሐይ ጨረር በቨርሙቱ ጠርሙስ ውስጥ አልፎ ጂኑን ቢነካው በቂ ነው የሚሉ እንዳሉ ጽፏል። ይህ ከቀልድነት አልፎ በየቡና ቤቱ የወንድነት መለኪያ ሆነ፤ ቨርሙት የሚፈልግ ሰው እንደ ደካማ የሚታይበት ዘመን መጣ።

በመሀሉ አሜሪካ አልኮልን በሕገ መንግሥት ከለከለች። ክልከላው ከጥር 1920 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ጸንቷል። ክልከላው ግን ጂንን አልጎዳውም፤ እንደ ዊስኪ በበርሜል ዓመታት መቀመጥ ስለማያስፈልገው፣ ንጹሕ አልኮልና የጥድ ቅመም ያገኘ ሁሉ በጓዳው ያበጀው ነበር። ክልከላው ሲነሳ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሩዝቬልት ራሳቸው ማታ ማታ ማርቲኒ እየቀመሙ ለእንግዶቻቸው የማቅረብ ልማድ ነበራቸው፤ ቨርሙት የማይሰስቱ ሰው ነበሩ። በ1943 የቴህራን ጉባኤ ላይ ለስታሊን ቀምመው ሰጡት። አስተርጓሚያቸው የነበረው ቻርለስ ቦለን እንደጻፈው፣ ስታሊን ጠጥቶ ደህና ነው፣ ግን ሆድ ላይ ይቀዘቅዛል አለ። ከዚያ ዘመን የማርቲኒ አስተያየቶች ሁሉ ይህ የእኔን ስሜት ይገልጻል።

ቮድካስ እንዴት ገባ? በ1950ዎቹ የቮድካ ሻጮች በአሜሪካ ከፍተኛ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈቱ፤ ጄምስ ቦንድም ደረሰላቸው። ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 ባሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ ቦንድን ጂንም ቮድካም ያለበት መጠጥ እንዲያዝ አደረገው፤ በኋላ ግን ሰውዬው በቮድካ ማርቲኒው ታወቀ። በ1962 በፊልም ሲመጣ ነገሩ ዓለም አቀፍ ሆነ። ይማሰል ወይስ ይናጥ የሚለው ጥያቄም ከቦንድ የተረፈን ነው። ጋሼ በዚህ ላይ ቁጣ ቁጣ ይለዋል። «በበረዶ ስትንጠው አየር ይገባበታል፣ በረዶው ይሰባበራል፣ መጠጡ ይደፈርሳል። ጭማቂ ያለበትን ነገር ነው የሚንጡት፤ ማርቲኒ ግን ጥራቱ ነው ውበቱ» ይላል። መናጥ ቶሎ ማቀዝቀዙ እውነት ነው። የሚሻለው ግን ረዥም ማንኪያ ይዞ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ማማሰል ነው።

የሕግ ሰው ነኝና የግብሩን ወሬ ሳላነሳ ባልፍ ያንገበግበኛል። በአሜሪካ «የሦስት ማርቲኒ ምሳ» የሚል አባባል አለ፤ የኩባንያ ኃላፊዎች ደንበኛ ጋብዘን ነው እያሉ ሦስት ሦስት ማርቲኒ የሚጠጡበት፣ ሒሳቡም ከግብር የሚቀነስበት ምሳ ማለት ነው። ጂሚ ካርተር በ1976 የምርጫ ዘመቻ ይህን ጉዳይ አነሳ። ባለሀብቱ የሃምሳ ዶላር የማርቲኒ ምሳውን ከግብር ሲቀንስ፣ ሠራተኛው የራሱን ሳንዱች መቀነስ የማይችለው ለምንድን ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ካርተር ቢመረጥም ኮንግረሱ አልሰማውም። ሕጉ የተነካው በ1986 ተቀናሹ ወደ 80 በመቶ፣ ከዚያም በ1993 በወጣው ሕግ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ነው። በኮሮና ምክንያት ለ2021 እና ለ2022 የምግብ ቤት ወጪ እንደገና ሙሉ በሙሉ ተቀናሽ ሲደረግ ተቺዎቹ ወዲያው ያንኑ የማርቲኒ ስም ለጠፉበት። የእኛ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ የመዝናኛ ወጪን በመርህ ደረጃ ከማይቀነሱት ወጪዎች ጋር ነው የመደበው፤ በዚህ እንኳ ከካርተር ጋር ነበርን።

ስለ ልዩ ልዩ ዓይነቶቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከወይራው ጠርሙስ ጥቂት የጨው ውኃ ሲጨመርበት «ቆሻሻው» ይሉታል፤ ስሙ ይቅፈፍ እንጂ ጨው ለሚወድ ሰው ይስማማል። በወይራው ፈንታ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈች ትንሽ ሽንኩርት ከገባች ጊብሰን ይባላል። ጂንና ቨርሙቱ እኩል ለእኩል ሲሆኑ ሃምሳ ሃምሳ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተፈለፈሉት የፖም ማርቲኒ፣ የቸኮሌት ማርቲኒና መሰሎቻቸው ግን በዚያ ሹል ብርጭቆ ስለቀረቡ ብቻ ስሙን የወሰዱ ናቸው። በመካከላቸው የሚከበረው የቡናው ነው። በ1980ዎቹ በለንደን ዲክ ብራድሰል የተባለ ባርማን ከቮድካ፣ ከቡና ሊከርና ትኩስ ከተቀዳ ኤስፕሬሶ የሠራው ነው፤ መጀመሪያም «ቮድካ ኤስፕሬሶ» ነበር የተባለው። ቡና ያለበት ነገር ሁሉ ይመለከተናል ብዬ አንድ ጊዜ ጠጥቼው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጂንም ቨርሙትም የለበትም፤ ማርቲኒ ብዬ አልጠራውም።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ጂን ለመባል የጥዱ ጣዕም ጎልቶ መሰማትና አልኮሉ ቢያንስ 37.5 በመቶ መሆን አለበት። ቨርሙት ለመባል ቢያንስ ሦስት አራተኛው የወይን ውጤት መሆን፣ አርቴሚዥያ መግባትና አልኮሉ ከ14.5 እስከ 22 በመቶ መሆን አለበት። ማርቲኒ ኮክቴልን የሚተረጉም አንቀጽ ግን በእነዚህ ደንቦች ውስጥ የለም፤ የሚገዛው በልማድ ነው። በልማድ ሕግ የተማርነው ደግሞ ልማዱን የሚያጸናው የማኅበረሰቡ መስማማት መሆኑን ነው። ስለዚህ እኔም እንደ አንድ የማኅበረሰቡ አባል ድምፄን ልስጥ። ቨርሙት ያልገባበት ማርቲኒ የቀዘቀዘ ጂን ነው፤ የሚሸጥ ሰውም ጂን ብሎ ይሽጠው።

ይህን የምለው ለስም ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። በፒያሳ የምናውቀው ማርቲኒ 15 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ አንድ ብርጭቆ፣ 75 ሚሊ ሊትር እንበል፣ 9 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነች ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ትይዛለች። በማኅበሩ ልክ የተቀዳ ደረቅ ማርቲኒ፣ ጂኑ 40 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 20 ግራም ይጠጋል። የአሜሪካ ቡና ቤቶች ብዙ ጊዜ ጂኑን እስከ 90 ሚሊ ሊትር ስለሚቀዱት ወደ 30 ግራም ይደርሳል። ይህ በአንድ ብርጭቆ ከሁለት ቢራ በላይ ነው። እኔ ያን ማታ ሦስት ለስላሳ መጠጥ ብዬ ያሰብኩት ከስድስት ቢራ በላይ ነበር፤ ያውም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ። ያመለጥኳቸው ሁለት ገጾች አሁን አይገርሙኝም። መኪና የማሽከረክር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህን በፈገግታ አልጽፈውም ነበር። በለንደን በማርቲኒው የታወቀው የዱክስ ሆቴል ባር ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይቀዳም፤ ባለቤቶቹ ገንዘብ ጠልተው አይደለም።

መጠጣት ለሚፈልግና ዕድሜው ለሚፈቅድለት (በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥ ክልክል ነው) የጋሼ አሠራር ይኸውላችሁ። ጂኑን ከአንድ ቀን በፊት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ 40 በመቶ የሆነ አልኮል በቤት ፍሪዘር አይረጋም። ብርጭቆውንም አብራችሁ አስገቡት፤ ትንሽ ይሁን፣ ያ ባልዲ የሚያህለው ሳይሆን። ሦስት መለኪያ ጂንና አንድ መለኪያ ደረቅ ቨርሙት በበረዶ ላይ አፍስሱና አማስሉ። እሱ ሦስት ለአንድ የሚለው ለሐበሻ ነው፤ «የእኛ ሰው መራራና ቅመም ያውቃል፣ ቨርሙቱ ይጣፍጠዋል» ባይ ነው። ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ ጉድለት አይደለም፤ ከምትጠጡት ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ መሆኑ ነው መጠጡን የሚያለዝበው። በረዶውን አስቀርታችሁ ቅዱና ከሎሚ ቆዳ ቀጭን ልጣጭ አንስታችሁ ዘይቱ ከላይ እንዲረጭ ጠምዝዙት። ብርጭቆውን በእግሩ ያዙት፤ እግር ያወጡለት መዳፍ እንዳያሞቀው ነው። ሳይሞቅ ለመጨረስ ትንሽ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ ወይ ትቸኩላላችሁ ወይ ለብ ያለ ጂን ትጠጣላችሁ። ከጎኑ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ አይጠፋ። በባዶ ሆድ ግን በፍጹም።

ከሁሉም በላይ ጋሼ የሚያስጠነቅቀው ስለ ጠርሙሱ ነው። ቨርሙት ወይን ነው ብለናል፤ ወይን ከተከፈተ ይበላሻል። እንደ አረቄ ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ አይቆምም። ክዳኑ ተጠብቆ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ይጨረሳል። ጋሼ እንደሚለው ጠጪው ቨርሙትን የጠላው፣ ባርማኖች ለዓመታት የኮመጠጠ ቨርሙት ሲቀዱለት ስለኖሩ ነው። በየቡና ቤቱ አቧራ የጠጣ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር እውነቱን ነው እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ቦሌ አካባቢ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቡና ቤት ገባን። ከድሮው ልማዴ አልተላቀቅኩምና «ማርቲኒ» አልኩ። ወጣቱ ባርማን ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ኮክቴሉን ነው ወይስ ቢያንኮውን?» አለኝ። ጥያቄው በጣም ደስ አሰኘኝ። «ኮክቴሉን ካዘዝኩ ደረቅ ቨርሙት አለህ?» አልኩት። ከመደርደሪያው ላይ ግማሹ የተጠጣ ጠርሙስ አውርዶ አሳየኝ። «ከተከፈተ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብለው «እኔ ስቀጠርም ተከፍቶ ነው ያገኘሁት» አለ፣ ትንሽ አፈር ብሎ። «ቢያንኮውስ?»

«እሱ ዛሬ ነው የተከፈተው፤ ከፍሪጅ ነው የማወጣው።»

ቢያንኮውን በበረዶና በሎሚ አዘዝኩ።